አሮጌ ኮሮላ ላይ ክሩዝ ኮንትሮል መግጠም፦ ከመልቀቂያው ጀምሩ

አዳማ የክፍያ ጣቢያ ካርዴን ተቀብዬ መስኮት ከዘጋሁበት ደቂቃ ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ እስክደርስ ቀኝ እግሬ አንድ ቦታ ነው። ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ ያለ ትራፊክ መብራት፣ ያለ ባጃጅ፣ ያለ አህያ። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት ጊዜ ቆጠበልን፤ ጉልበት ግን አልቆጠበልኝም። ሞጆ ላይ ጉልበቴን ይጀምረኛል፣ ቢሾፍቱ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ይቀላቀላል። በሳምንት ሁለቴ የምመላለስ ሰው ነኝና ነገሩ ከቀልድ አለፈ።

መኪናዬ የ1999 ሞዴል ኮሮላ ናት (ሞዴሉ በፈረንጅ ነው)፤ ሞተሯ 1.3፣ ማርሿ በእጅ። «አዲስ ግዛ» የሚለኝ ዘመድ አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ግን አብዛኞቻችን ያለችንን እያደስን መኖራችን ነው። እኔም ክሩዝ ኮንትሮል ገዝቼ ገጠምኩላት፤ እግር ነዳጅ ላይ ሳይሆን መኪናዋን በመረጥነው ፍጥነት ይዞ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው።

ኪት (የመግጠሚያ ዕቃዎቹን በአንድ ሳጥን) የሚሸጡ ሰዎች እግርን አንስቶ መኪናው ራሱ ሲሄድ ያሳያሉ። እኔ የምጽፈው ተገልብጦ ነው። ይዞ መሄዱ ቀላል ነው፤ አንዲት ትንሽ ሞተር ካቦ ትጎትታለች፣ አለቀ። ሥራው ያለው መልቀቁ ላይ ነው። ፍሬን ስትነኩ፣ ፍሪሲዮን ስትረግጡ፣ ማብሪያውን ስታጠፉ ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ አንዱ ሽቦ ቢበጠስ እንኳ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ እዚህ ከፍሬን እንጀምራለን፣ ነዳጁ ላይ መጨረሻ እንደርሳለን። ጋራዥ ብትወስዱትም በዚሁ ቅደም ተከተል አሠሩ፤ ቆማችሁም እዩ።

መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱ

ሞተሩን አጥፉና አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እየረገጠ ይልቀቅላችሁ። እናንተ ሞተሩ ላይ ትሮትሉን ተመልከቱ፤ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር ማለት ነው። በጎኑ ካቦ ተጠምጥሞበት ግማሽ ክብ ነገር ሲዞር ካያችሁ መኪናችሁ ባለ ካቦ ነው። ምንም የሚጎተት ነገር ከሌለና ትሮትሉ ላይ የሚገባው የሽቦ ሶኬት ብቻ ከሆነ በኤሌትሪክ የሚከፈት ነው። ለዚያኛው ሥራው ሌላ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ባለ ካቦ ከሆነ ትሮትሉን በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ድንገት ልቀቁት። «ጣ!» ብሎ መዘጋት አለበት። እየተንፏቀቀ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ጫፍ ሲደርስ ትንሽ ከተያዘ፣ ኪት ለመግዛት ጊዜው አይደለም። በካርቡራተር ማጽጃ እጠቡት፤ ካቦው ውስጡ ከዛገ ወይም ጫፉ መበጣጠስ ከጀመረ ቀይሩት፤ ስፕሪንጉ ከላላም እንዲሁ። የእኔ የተያዘው ከካቦው ጫፍ ላይ ነበር፤ የሐገራችን አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ተቦክቶ ሲሚንቶ ሆኖ። ያን ሳልነካ ክሩዝ ብገጥም ኖሮ የሚጎትተው አንድ ሞተር ጨምሬለት የማይለቅ ትሮትል ይዤ መንገድ እወጣ ነበር።

ፍሬኑንም በዚያው እዩት። የፍሬን መብራታችሁ ፔዳሉን ገና ስትነኩት መብራት አለበት እንጂ ግማሽ ከወረደ በኋላ መሆን የለበትም። ከፔዳሉ በላይ ያለችው ማብሪያ በብሎን ፍሬ የምትስተካከል ናት፤ ካስፈለገ አስጠጓት። ክሩዙ መልቀቅን የሚያውቀው ከእሷ ነው።

የቱን ኪት?

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በቫኩም ይጎትታል፤ ከሞተሩ የሚመጣውን የአየር መምጠጥ ተጠቅሞ። ሌላው በኤሌትሪክ ሞተር ይጎትታል። ቫኩሙ በፈረንጅ አገር ዘመኑን በደንብ ያገለገለ ነው፤ ለእኛ መንገድ ግን አልመክረውም። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። የአየሩ ግፊት አዳማ ላይ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህል ይጎድላል። ቫኩም ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያው ግፊት ነው። በዚያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ ትሮትሉ በሰፊው ሲከፈት የሞተሩ መምጠጥ ይደክማል። እርዳታ በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት እጁ ይዝላል ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ይህ መምጠጥ ከነጭራሹ የለም፤ ለፍሬኑ የሚሠራ የራሱ ፓምፕ ነው ያለው። ባለ ኤሌትሪኩን ያዙ። ከታወቁት ውስጥ ሮስትራ የሚባለው የአሜሪካ ምርት አንዱ ነው፤ መመሪያው ዝርዝር ነው፣ የሽቦዎቹ ቀለም ሁሉ ተጽፎበታል።

አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ክሩዝ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ርካሽ ነው። ሙሉ ገመዱና ኮምፒውተሩ አብሮ ካልመጣ ግን ብረት ነው የገዛችሁት። ዋጋ አልጽፍም፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይስቅብኛል።

ሳጥኑን ስትከፍቱ እነዚህ መኖራቸውን አረጋግጡ፦ ካቦ የሚጎትተው ሞተር፣ ማብሪያው፣ የሽቦ ጥቅሉ፣ ማግኔትና ጠምዛዛ ሽቦ (ኮይል)፣ የተለያዩ የካቦ ጫፎች፣ መመሪያው። መመሪያ የሌለውን ኪት በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ከቤት ደግሞ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ከ8 እስከ 14 ቁልፍ፣ ናስትሮና ሶልደር አዘጋጁ። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለቤት አምፖል ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ በሶልደር ይያያዝ። አዳማ ሙቀት ላይ ኮፈን ሥር ናስትሮ ማስቲካ ይሆናል፤ በሙቀት የሚሰበሰበውን የፕላስቲክ ቱቦ ተጠቀሙ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። መሪው ላይ ኤርባግ ካለ፣ ከፈታችሁ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ፤ ቶዮታ ራሱ የሚለው ነው።

የመልቀቂያው ሽቦዎች

እዚህ ላይ ቆይታ እናድርግ፤ የሥራው ልብ እዚህ ነውና።

የፍሬን ማብሪያዋ ላይ በጥንቶቹ መኪኖች ሁለት ሽቦ አለ። አንደኛው ከፊውዝ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ቁልፍ ባይኖርም 12 ቮልት አለው። ሁለተኛው ወደ ኋላ መብራቶቹ የሚሄደው ነው፤ ፔዳል ስትረግጡ ብቻ 12 ቮልት ያገኛል። ባትሪውን መልሳችሁ በቴስተር ለዩአቸው። በቀለም አትመኑ፤ አሮጌ መኪና ስንት እጅ ያለፈበት ነው። ከኪቱም ለፍሬን የሚመጡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፦ አንዱ ሁልጊዜ ባለ 12 ቮልቱ ላይ፣ አንዱ ወደ መብራት በሚሄደው ላይ። ብታቀያይሯቸው ኪቱ ፍሬን ሁልጊዜ እንደተረገጠ ያየዋል፤ አይነሳም። ደግነቱ ስህተቱ ወደ ደህናው ወገን መሆኑ ነው።

አሁን የእኔን ጉድ ስሙ። ሁሉን ገጥሜ ጨርሼ መንገድ ወጣሁ፤ ማብሪያውን ብጫን፣ ብጫን፣ ወይ ፍንክች። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኳት። ግማሽ ቀን ሽቦ ሲከተል ዋለ። «ጋሼ፣ ይሄ ኪት ፎርጅድ ነው» አለኝ በመጨረሻ። ለሁለት ቀን አምኜው ነበር። ከዚያ መመሪያውን እንደገና ሳነብ አንዲት መስመር ላይ ቆምኩ፦ የፍሬን መብራቱ ኤልኢዲ ከሆነ ኪቱ አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ በአምፖሉ ክር በኩል ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል። ኪቱ ያንን ግንኙነት ያያል፤ «መብራቱ አለ፣ ሽቦው አልተበጠሰም፣ ፍሬን ብትረገጥ አውቃለሁ» ብሎ ሥራ ይጀምራል። ሁለቱም አምፖሎች ተቃጥለው ቢሆን፣ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ቢሆን፣ እንቢ ይላል። ለእኛ ደኅንነት የተደረገ ነው። ኤልኢዲ ግን ክር የለውም፤ ኪቱ ሲያየው እንደተቃጠለ አምፖል ነው። እኔ ደግሞ ዓምና ለውበት ብዬ ሁለቱንም ኤልኢዲ አድርጌያቸዋለሁ! ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ ባትሪው ተፈትቶ ከዚያ ሽቦ ወደ አካሉ ለካሁ፤ መንገድ የለም። በአንዱ ጎን የድሮውን ባለ 21 ዋት አምፖል መለስኩ፤ ቴስተሩ ወደ ዜሮ ወረደ። በዚያው ቀን ማታ ክሩዙ ተነሳ። ልጁ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩበት። የመብራቱ ቀለም የግራና የቀኝ እንዳይለያይ ሁለቱንም መልሻለሁ።

ማርሽ በእጅ ለሆነ መኪና የፍሪሲዮን ማብሪያ ግዴታ ነው። ክሩዙ ይዞ ሳለ ፍሪሲዮን ብትረግጡ ሞተሩ ሸክሙ ድንገት ይወርድለታል፤ ክሩዙ ነዳጅ ከፍቶ ስለያዘ ይጮሃል፣ ያጓራል። አንዳንድ ኪቶች የሞተሩን ዙር ቆጥረው ድንገት ሲያሻቅብ ይለቃሉ፤ ደህና ነገር ነው፣ እንደ ሁለተኛ ዘብ ቁጠሩት። የመጀመሪያው ዘብ ግን ማብሪያ ይሁን። ከፍሪሲዮን ፔዳሉ ክንድ ፊት ለፊት በብረት ማንጠልጠያ እሰሯት፤ ፔዳሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይወርድ መቁረጥ አለባት። አውቶማቲክ ለሆነው ይህ አይመለከተውም።

ፍጥነቱን ማሳወቅ

ክሩዙ መኪናው ምን ያህል እንደሚሄድ የሚያውቀው በሚመቱለት የኤሌትሪክ ምቶች ነው። ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) አጋማሽ ወዲህ ያሉ ብዙ ቶዮታዎች ካምቢዮው ላይ ሦስት ሽቦ ያለው የፍጥነት ሴንሰር አላቸው፦ አንዱ ኃይል፣ አንዱ ኔጋቲቭ፣ አንዱ ምልክት። ምልክቱ ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዳሽቦርድ ጀርባ መቅዳትም ይቻላል። እኔ ከዚያ ነው የቀዳሁት፣ ውኃና ጭቃ አይደርስበትማ።

ለመለየት የፊት አንዱን ጎማ በክሪክ አንሡ፣ ከሥሩ መደገፊያ አድርጉ (ክሪክ ብቻውን አይታመንም)፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ዜሮ፣ ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተር አይነሣም። ጎማውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ቴስተሩ በምልክቱ ሽቦ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ዜሮ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ዜሮ ይላል። እሱ ነው።

ኪቱ በኪሎ ሜትር ስንት ምት እንደሚመጣ ይጠይቃችኋል። የጃፓን መኪኖች የፍጥነት ቆጣሪ ዘንግ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በደቂቃ 637 ጊዜ ይዞራል። 60 በሰዓት ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ነውና በኪሎ ሜትር 637 ዙር ነው። ሴንሰሩ በዙር 4 ምት የሚሰጥ ከሆነ 637 በ4፣ 2,548 ምት በኪሎ ሜትር። የአሜሪካ ኪት በማይል (1.609 ኪሎ ሜትር) ስለሚጠይቅ ወደ 4,100 ይመጣል፤ 4,000 የሚለው ምርጫ ላይ አድርጉት፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የፍጥነት ቆጣሪያችሁ በካቦ የሚዞር ከሆነ (የድሮዎቹ ኮሮላ ዲኤክሶች እንደዚያ ናቸው) ምልክት የለም። ለዚያ ነው ኪቱ ውስጥ ማግኔትና ኮይል ያለው፦ ማግኔቱ ጎማ በሚያዞረው ዘንግ ላይ ይታሠራል፣ ኮይሉ ከጎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት በማይንቀሳቀስ አካል ላይ። ሥራው አሰልቺ ነው። የኮረኮንች መንገድ ካለባችሁ በየጊዜው ማየት ይኖርባችኋል።

ጎታቹን መትከል

የሚጎትተውን ሞተር የመኪናው አካል ላይ ትከሉት፤ ከሾፌር ፊት ያለው የብረት ግድግዳ ወይም የጎን ክንፉ ውስጠኛ ገጽ ይስማማል። የመኪናው ሞተር ላይ ግን አይሆንም፣ ይንቀጠቀጣልና። ከጭስ ማውጫው ራቁ፤ ከባትሪውም ራቁ፣ አሲዱ ይበላዋል። ካቦው በሰፊው ይታጠፍ፤ የተሰበረ እጅ የመሰለ እጥፋት ካለው ይጎተታል እንጂ አይመለስም።

ትሮትሉ ጋ ስትደርሱ ሁለቱ ካቦዎች፣ የእግራችሁና የክሩዙ፣ አንዱ ሌላውን ሳያስጨንቅ መሥራት አለባቸው። በእግር ስትረግጡ የክሩዙ ካቦ ዝም ብሎ መላላት አለበት፤ ክሩዙ ሲጎትት ደግሞ የእግራችሁ ካቦ። ለዚህ ኪቶች ትናንሽ ኳሶች የተደረደሩበት ሰንሰለት ይሰጣሉ፤ ሲሳብ ይጎትታል፣ ሲላላ ይጠፈጠፋል። ትሮትሉ ተዘግቶ ሳለ ጥቂት ሚሊ ሜትር መላላት ይኑረው፤ የመኪናው ሞተር በጎማ ማረፊያዎች ላይ የተቀመጠ ነገር ነውና ነዳጅ ሲሰጠው ያዘነብላል፣ ካቦው ከተወጠረ ራሱ ትሮትል ይከፍታል። መላላቱ ሲበዛ ደግሞ ክሩዙ ዘግይቶ ይይዛል፣ እየሳበ እየለቀቀ ያንገላታችኋል።

አስራችሁ ስትጨርሱ ይህን አድርጉ፤ አንዱንም አትዝለሉ። ሞተር ጠፍቶ ትሮትሉን ሙሉ ክፈቱና ልቀቁ፤ ያ «ጣ!» የሚለው ድምፅ እንደ መጀመሪያው መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ድገሙት። ሰንሰለቱን በእጃችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ገፍታችሁ ልቀቁ፤ የሚጠልፈው ብሎን፣ የሽቦ ጫፍ፣ የቧንቧ ማሰሪያ አለ ወይ? የእኔ አንዴ የአየር ማጣሪያው ቱቦ ማሰሪያ ጅራት ላይ ሊሰካ ሲል አየሁትና ጅራቱን በፒንሳ ቆረጥኩት። ኮፈኑን ዝጉና ከውስጥ ሆናችሁ በእግር ድገሙት፤ ኮፈን ሲዘጋ የሚጫነው ነገር ይኖራልና።

ኃይልና ማብሪያ

ኃይሉን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ መስመር ውሰዱ፤ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ አምፔሩ መመሪያው ላይ የተጻፈው። የኔጋቲቩን ጫፍ ቀለም በተፋቀ ብረት ላይ እሰሩ። ማብሪያውን ከመሪው ሥር በቀኝ ወይም በግራ በኩል፣ እጅ ከመሪ ሳይነሳ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት። የኤርባግ ሽፋን ላይ ምንም ነገር አትብሱ፣ አታጣብቁ።

የኤሌትሪክ ትሮትል ላላቸው

ከ2005 (በፈረንጅ) ወዲህ ያሉ ብዙ ያሪሶች፣ ቪትዞችና ኮሮላዎች እንዲህ ናቸው። ለእነሱ ካቦ የሚጎትት ነገር አያስፈልግም፤ ትሮትሉን የሚከፍተው የመኪናው ኮምፒውተር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የክሩዙ ፕሮግራም እዚያው ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። የጎደለው መሪው ላይ የሚገጠመው የክሩዝ ማንቂያ ዘንግ ነው። የቶዮታ ዕቃ ቁጥሩ 84632-34011 ነው፤ በጣም ብዙ ሞዴል ላይ የሚሄድ አንድ ዘንግ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስካነር ያለው ጋራዥ ሂዱና ኮምፒውተሩ ክሩዝ የሚል መረጃ ያሳይ እንደሆነ አሳዩት። ለአንዳንድ አገር ገበያ የተሠሩት ፕሮግራሙ የላቸውም፤ ያ ከሆነ ዘንጉ ጌጥ ይሆናል።

ዘንጉ ውስጡ ሌላ ምንም ሳይሆን የሬዚስተሮች ስብስብ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ቴስተር አድርጋችሁ ጫኑት፦ ዋናው ማብሪያ ወደ 0 ኦም፣ ፍጥነት መጨመሪያው 240 አካባቢ፣ ማስያዣው 630፣ መሰረዣው 1,540። ከእነዚህ ብዙ የራቀ ካገኛችሁ ያገለገለ ብልሽት ነው የሸጡላችሁ፤ ሱቁ በር ላይ ሆናችሁ ለኩ። ከመሪው ሥር ያለው ተጠቅልሎ የሚፈታው የሽቦ ቤት ለክሩዝ የሚሆን ሽቦ ካለው እድለኛ ናችሁ፤ ከሌለው የሽቦ ቤቱ ይቀየራል፣ ከዚያ አንድ ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ይዘረጋል፣ አንዱ ወደ ኔጋቲቭ። የኮምፒውተሩን እግር (ሽቦው የሚሰካበትን ነጥብ) የሞተራችሁን ትክክለኛ ስዕል ሳታዩ አትገምቱ። የሽቦ ቤቱን ስትመልሱ ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ ወደ ግራ እስኪቆም በእርጋታ አዙሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ተኩል። ይህን የዘለለ መሪውን ሙሉ ሲያዞር ሽቦውን ይበጥሰዋል፤ ከእሱ ጋር የኤርባጉንም። ኤርባግ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ይህን ክፍል ለባለሙያ ማሠራት ይሻላል እላለሁ፤ እኔም የባለቤቴን ወንድም ያሪስ ስንሠራ መሪውን ያወረደው ሌላ ሰው ነው።

መንገድ ላይ

የመጀመሪያ ሙከራ ማለዳ፣ ደረቅ መንገድ፣ ብቻችሁን። አዳማ ከተማ ውስጥ አይሞከርም። እኔ ከክፍያ ጣቢያው ወጥቼ ወደ ሞጆ የሚወስደውን መርጬ ነበር፣ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ።

ከመውጣታችሁ በፊት ቆማችሁ አንድ ነገር ተለማመዱ፦ ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ፣ በእጅ ማብሪያውን ማጥፋት። ሦስቱ ሳይታሰቡ መምጣት አለባቸው። ቁልፍ ነቅሎ ማጥፋት አይታሰብ፤ መሪው ይቆለፋል።

በ70 ያዙት። እግራችሁን አንሱ ግን ፍሬኑ ላይ አንዣቡ። ከዚያ ፍሬኑን መብራት እስኪበራ ብቻ፣ ሳይዝ፣ ንኩ። ለቀቀ? እንደገና ያዙ፣ በፍሪሲዮን። ለቀቀ? እንደገና፣ በማብሪያው። ሦስቱም ሳይሠሩ ወደ 100 የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ በከንቱ አነበበ።

ፍጥነቱ እየወጣ እየወረደ የሚያወዛውዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ የካቦውን መላላት እዩ፣ ከዚያ የኪቱን ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) ዝቅ አድርጉ። ዳገት ላይ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር መውረድ የጤና ነው። 1.3 ሞተር ሽቅብ በአምስተኛ ማርሽ 100 አይዝም፤ ክሩዙ እስከ ወለል ከፍቶ ያንገላታዋል። አራተኛ አድርጉና እንደገና አስይዙ።

ቁልቁለቱ ግን ይለያል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትመለሱ ብዙው መውረድ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ክሩዝ ፍሬን መያዝ አይችልም፣ የሚያውቀው ነዳጅ መዝጋት ብቻ ነው። በ100 አስይዛችሁ ቁልቁል 115 ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። እዚያ እግር ይመለስ። አዳማ ልትደርሱ ስትሉ ደግሞ ኮረብታው ላይ እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ክሩዙ ዳገት የወጣ ይመስለዋል፣ ከጎን ሲመጣ ሁለት እጅ መሪ ላይ ይሁን።

ዝናብ ላይ አጥፉት፤ ጎማ ውኃ ላይ ሲንሸራተት ክሩዙ ነዳጅ ይጨምርበታል። ያለቀ ጎማ ይዞም አይሆንም። የድሮው አዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ላይ፣ ሲኖትራክና ጋሪ በተሰለፉበት፣ ማስያዝ ትርጉም የለውም፤ በየደቂቃው ትሰርዙታላችሁ።

ይህን ነገር የፈለሰፈው ሰው ማየት የተሳነው መሐንዲስ ነበር፤ ራልፍ ቲቶር ይባላል፣ በ5 ዓመቱ በአደጋ ዓይኑን ያጣ አሜሪካዊ። የሚነገረው፣ ጠበቃው እየነዳ ሲያወራ መኪናው ይቀዘቅዛል፣ ሲያዳምጥ ይፈጥናል፤ ቲቶር ተሳፋሪ ሆኖ መንገላታቱ አንገበገበው። በ1950 (በፈረንጅ) የፈጠራ ባለቤትነቱን ወሰደ፤ ክራይስለር በ1958 ሞዴሎቹ ላይ አወጣው። እንዲህ እያወራ የሚነዳ ሾፌር በሚኒባስ ስንቴ ይዞን ሄደ!

ከገጠምኩ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ኮፈን ከፍቼ ያንን ሰንሰለት በጣቴ እነካዋለሁ፣ ትሮትሉን ከፍቼ እለቀዋለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባለፈው ሳምንት ከወንጂ መንገድ አቧራ በኋላ «ጣ» ማለቱን ትቶ «ጣጣ» ሲል ሰማሁት፤ አጠብኩት፣ ተመለሰ። ጉልበቴ አሁን ቢሾፍቱን ያልፋል፤ የሚያመኝ ግራው ሆኗል፣ እሱ በፍሪሲዮን ነው።